ከፎርማት በፊት፦ የአንድ የቤት ላፕቶፕ የጥገና ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት፣ ቅበላ

ማሽኑ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ነው። 5ኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ በደቂቃ 5400 ዙር የሚሽከረከር 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 ሆም። ባለቤቶቹ ያስመዘገቡት ቅሬታ አራት ነው። ሲከፈት ይንቀራፈፋል፤ የትኛውም ድረ ገጽ ሲከፈት «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይላል፤ ፍላሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ የድሮ የአማርኛ ደብዳቤዎች ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ብቻ ይታያል። ከሥር ደግሞ «ፎርማት ይደረግልን» ተብሎ ተጽፏል፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለታቸው ነው።

ፎርማቱ ይቆይ። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ፎርማት አያድነውም፤ ፎቶና ሰነዱን ይዞ ይሄዳል፣ ለምን እንደተበላሸ የሚናገረውን መዝገብም ያጠፋል። ማጽዳት፣ መጠገን፣ አፕዴት ማድረግ ሁሉም ዲስክ ላይ መጻፍ ነው። ስለዚህ የዲስኩ ጤና ሳይታወቅ ምንም አይነካም።

ሰኞ ረፋድ፣ ዲስኩ

ከላፕቶፑ ማብሪያ ቁልፍ እስከ ብሮውዘሩ መከፈት 9 ደቂቃ ፈጀ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማኔጀር ተከፈተ፤ ራሙ 71 በመቶ፣ ዲስኩ 100 በመቶ።

ብዙ ሰው እዚህ ቁጥር ላይ ይቆምና ሲስሜይን የሚባለውን አገልግሎት ይዘጋል፣ የፍለጋ ኢንዴክሱን ያጠፋል፣ አንቲቫይረሱን ይነቅላል። 100 በመቶው ግን ዲስኩ ሥራ የያዘበትን ጊዜ እንጂ የሠራውን መጠን አይናገርም። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ዲስኩን መርጦ ሁለት ነገር ማየት ነው፦ የንባብ ፍጥነትና አማካይ የምላሽ ጊዜ። በሰከንድ 60 ወይም 80 ሜጋባይት እያነበበ 100 በመቶ ከሆነ አንድ ፕሮግራም እየጫነው ነው፤ ፍተሻው ወይም አፕዴቱ ሲያልቅ ይለቀዋል። እዚህ የታየው በሰከንድ 0.8 ሜጋባይትና 1900 ሚሊሰከንድ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ትንንሽ ፋይል ሲለቃቅም ፍጥነቱ ወደ 1 ሜጋባይት መውረዱ ያለ ነገር ነው። አንድ ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ገደማ መውሰዱ ግን ጤና አይደለም፤ ማንበብ ያቃተውን ቦታ ደጋግሞ እየሞከረ ነው ማለት ነው።

ማረጋገጫው ኢቨንት ቪውር በተባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ አለ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም። ምንጩ «ዲስክ» የሆነ ቁጥር 7 ኢቨንት፣ ማለትም የተበላሸ ብሎክ፣ በብዛት ተገኘ፤ ንባቡ እንደገና መሞከሩን የሚናገረው ቁጥር 153ም አለ። ከእነዚህ ጎን ከርነል ፓወር የሚል ቁጥር 41 ተደርድሯል። እሱ ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ድንገት መጥፋቱን ይመዘግባል። ባትሪው ስለማይይዝ መብራት በሄደ ቁጥር ላፕቶፑ አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ የዲስክን ጤና የሚያነበው ፕሮግራም፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ። ቢጫ፣ «ጥንቃቄ»። ከዝርዝሩ የሚነበቡት አራት መስመሮች ናቸው፦ 05፣ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7። 05 ዲስኩ ራሱ ተስፋ ቆርጦ በመጠባበቂያ የተካቸውን ሴክተሮች፣ ማለትም ትንንሽ የማከማቻ ክፍሎች፣ ይቆጥራል፤ ሲ5 ማንበብ ያቃተውን ግን ገና ያልተካውን፤ ሲ6 በራሱ ፍተሻ ጊዜ ያልተነበበውን። ሲ7 የኬብል ስህተት ነው፤ እሱ ብቻ ካደገ ዲስክ ሳይሆን ኬብል ወይም ማገናኛ ይቀየራል። ፕሮግራሙ ጥሬውን ቁጥር የሚያሳየው በአሥራ ስድስታዊ አቆጣጠር ስለሆነ እንዳለ አይወሰድም። 05 ላይ 68 ተጽፏል፤ በእኛ ቁጥር 104 ነው። ሲ5 ላይ ያለው 18 ደግሞ 24 ነው። ሲ7 ዜሮ።

05 ዜሮ ሆኖ ሲ5 ብቻ ጥቂት ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲቋረጥ ሴክተሩ ግማሽ ተጽፎ ይቀርና የማይነበብ ይመስላል፤ እላዩ ላይ እንደገና ሲጻፍበት ይድናል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ሁለቱ አብረው ከፍ ሲሉ ግን መረጃው የሚጻፍበት የሚሽከረከረው ሳህን ራሱ እየተበላ ነው። ዲስኩ ይቀየራል።

ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ ትእዛዝ በስላሽ አር ማስኬድ እዚህ አይገባም፤ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ምክር ግን እሱ ነው። ትእዛዙ እያንዳንዱን ሴክተር እያነበበ ሰዓታት ይወስዳል፣ ደካማውን ዲስክ ያደክመዋል፣ የፋይል ማውጫውንም እዚያው በሽተኛው ዲስክ ላይ እየጻፈ ያስተካክላል። መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ጥገና፤ ጥገናውም በቅጂው ላይ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ተተኪ ኤስኤስዲ

የሚያስፈልገው 2.5 ኢንች፣ ባለ ሳታ ማገናኛ፣ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ፣ ነው። መጠኑ ላይ ወጥመድ አለ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው 240፣ 256፣ 480 እና 512 ነው። 480ው «500 ይጠጋል» ተብሎ ይገዛና ሙሉ ቅጂው አይገባም፤ ባለ 500 ዲስክ 500,107,862,016 ባይት ሲሆን ባለ 480 ከዚያ 20 ቢሊዮን ባይት ገደማ ያንሳል። ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፋይ) አጥብቦ ማስገባት ይቻላል፤ ማጥበብ ግን ፋይሎችን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ስለሆነ በዚህ ዲስክ ላይ የሚሞከር አይደለም። 512 ተመረጠ። የሚተርፈው 12 ጊጋባይት ገደማ ባዶ ሆኖ ይቀመጥ፣ አይጎዳም።

ሌሎች ዕቃዎች፦ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ 3 የሚቀይር ኬብል፣ ሊኑክስ (ከዊንዶውስ ሌላ የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የተጫነበት ፍላሽ፣ የቅጂውን ካርታ የሚይዝ ሌላ ትንሽ ፍላሽ፣ ለሰነዶቹ የውጭ ሃርድ ዲስክ፣ መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ። አሮጌው ዲስክ ከላፕቶፑ አልወጣም፤ በዩኤስቢ የተሰካው አዲሱ ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ 500፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ሲነሳ ከዚህ በላይ ሊስብ ስለሚችል ኃይል አንሶት ቀጭ ቀጭ ይልና «ሞተ» ይባላል። ደካማ ዲስክ በቀጥታ ሳታ ላይ ይሻለዋል።

ማታ፣ ቅጂው

ዊንዶውስ ሺፍት እንደተያዘ ተዘጋ። ይህ ለከንቱ አይደለም። ፋስት ስታርት አፕ ሲበራ «ሸት ዳውን» ማለት ሙሉ መዝጋት አይደለም፤ የሲስተሙ እምብርት ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያድራል፣ ፋይል ማውጫውም እንደተከፈተ ይቀራል። ሊኑክስ እንዲህ ባለ ፓርቲሽን ላይ ከጻፈ ጉዳት አለው። ለዚያም ተብሎ ፓርቲሽኑ የተከፈተው ለማንበብ ብቻ ነው።

ከሙሉ ቅጂው በፊት ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ተገለበጡ፣ 31 ጊጋባይት። ዲስኩ መሃል ላይ ቢወድቅ ቤተሰቡ የሚፈልገው ዊንዶውሱን አይደለም።

ከዚያ ዲዲሬስኪው። ከሌላው የቅጂ ፕሮግራም የሚለየው እንቢ ያለውን ቦታ ትቶ መጀመሪያ ጤነኛውን ሁሉ መሰብሰቡ ነው። የመጀመሪያው ዙር መጥፎውን ሳይፍቅ የሚያልፍበት ነው፣ በኤን አማራጭ፤ ሁለተኛው ወደተተዉት ተመልሶ ሦስት ጊዜ የሚሞክርበት፣ በአር 3። የትኛው ቦታ እንደተገለበጠ የሚመዘግበው የካርታ ፋይል በሁለተኛው ትንሽ ፍላሽ ላይ መሆኑ ግዴታ ነው፤ መብራት ቢሄድ ወይም ዩፒኤሱ ቢያልቅ ያንኑ ትእዛዝ መድገም ብቻ ነው፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርታው ከሌለ ከዜሮ።

ምንጩና መድረሻው የተለዩት በመጠንና በሴሪያል ቁጥር ነው። ሊኑክስ የሚሰጣቸው ስም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል፤ ከተገላበጡ ባዶው በሙሉው ላይ ይጻፋል፣ መመለሻ የለውም። ኢንተር ከመጫኑ በፊት ሁለት ሰው ያንብበው።

ጤነኛው ክፍል ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ወሰደ። እንቢ ያለው ሲጀምር 24 ሴክተር ነበር፤ የአንዱ መጠን 4 ኪሎባይት ስለሆነ በድምሩ 96 ኪሎባይት። ከድግግሞሽ በኋላ 64 ኪሎባይት ቀረ። ከ500 ጊጋባይት ውስጥ 64 ኪሎባይት መጥፋቱ በጣም ጥሩ ውጤት ነው፤ ያ ቁራጭ የት ፋይል ላይ እንዳረፈ ግን ገና አልታወቀም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ መክፈትና መግጠም

ቻርጀሩ ተነቅሎ ባትሪው ወጣ፣ ማብሪያ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንድ ተያዘ። የሥር ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል፤ በወጡበት ቅርጽ ወረቀት ላይ ይደርደሩ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ኪቦርዱን ከታች ይወጋል። አሮጌው ዲስክ 9.5፣ አዲሱ 7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የብረት መያዣው ውስጥ ይወዛወዛል፤ ክፍተቱ በፕላስቲክ መሙያ ተሞላ።

ተከፍቶ ሳለ ሁለት ነገር ታየ። ሁለተኛው የራም ቀዳዳ ባዶ ነው፤ ባለ 1.35 ቮልት ዲዲአር3ኤል 4 ጊጋባይት ተጨመረ። «ኤል» የሌለው ተራው ዲዲአር3 1.5 ቮልት ስለሚፈልግ ለዚህ ቦርድ አይሆንም። ሌላው የሰዓቱን ትዝታ የሚይዘው ሲአር2032 ክብ ባትሪ ነው፤ በመልቲሜትር 1.9 ቮልት አሳየ። አዲስ ሲሆን 3 ነው። ሁለተኛው ቅሬታ፣ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚለው፣ ከዚህ ሳይጀምር አልቀረም።

ተገጥሞ ተነሳ። ዊንዶውሱ እንዳለ መጣ፣ የዴስክቶፑ ስዕል እንኳ አልተነካም።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ቀንና ሰዓት

ክብ ባትሪው ሲያልቅና ማሽኑ ኃይል ሲያጣ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ባለቤቶቹ በእጅ አስተካክለውታል፣ ግን በእኛ አቆጣጠር፦ ዓመቱ ላይ 2018፣ ሰዓቱ ላይ ጠዋት 2። ኮምፒውተሩ ይህን የሚረዳው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 2018 እና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ብሎ ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጥ ሰርተፍኬት ዕድሜው ከ398 ቀን አይበልጥም። ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ላለ ኮምፒውተር እያንዳንዱ ሰርተፍኬት ገና ያልጀመረ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ገጽ «የግል አይደለም» ይላል። ኢንተርኔቱም ብሮውዘሩም ጤነኛ ናቸው። ብሮውዘር ነቅሎ መጫን፣ ማስጠንቀቂያውን ደጋግሞ ማለፍ፣ ሲም መቀየር የትም አያደርስም። አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የገጹ ነው፤ ሁሉም ገጽ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ከታች በስተቀኝ ያለው ቀን ነው።

ማስተካከያው፦ መጀመሪያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ተገብቶ ቀኑ ተቀመጠ። ከዚያ ሴቲንግ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዊጅ፣ የሰዓት ቀጠና። በዝርዝሩ አዲስ አበባ በስሟ የለችም፤ የሚመረጠው «ዩቲሲ ሲደመር 3፣ ናይሮቢ» ነው። በመጨረሻ ሲንክ ናው። ዊንዶውስ የቤት ኮምፒውተር ላይ ከ15 ሰዓት በላይ የተዛነፈን ሰዓት በራሱ ማስተካከል ስለማይደፍር ቀኑ በእጅ መቅደም አለበት።

ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማየት የሚፈልግ ዋናውን ሰዓት አይንካ። የስድስት ሰዓት ልዩነት ድረ ገጽ ላይዘጋ ይችላል፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ግን ኮዱ ሁሉ ውድቅ ይሆናል። መላ አለ። «አድ ክሎክስ ፎር ዲፈረንት ታይም ዞንስ» በሚለው ቦታ ሁለተኛ ሰዓት ይጨመር፣ ቀጠናው ቦነስ አይረስ ይሁን፣ ስሙ «የሀገር ቤት ሰዓት» ይባል። ቦነስ አይረስ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስንል እዚያም ሁለት ሰዓት ነው። ቀኑም የሚለወጠው በእኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አርጀንቲና ይህን ለኛ ብላ አላደረገችውም፣ ግን ይሠራል።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ የሲስተም ፋይሎች

ቅጂው ላይ የቀረው 64 ኪሎባይት ክፍተት አሁን ይፈተሽ። ትእዛዝ የሚጻፍበት ኮማንድ ፕሮምፕት እንደ አድሚኒስትሬተር ተከፍቶ ቼክ ዲስክ በስላሽ ኤፍ ሄደ። አሁን አዲሱ ዲስክ ላይ ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር የለም። ቀጥሎ ሁለት የዊንዶውስ መጠገኛ ትእዛዞች፦ ዲዝም በሪስቶር ሄልዝ፣ ከሱ በኋላ ኤስኤፍሲ በስካን ናው። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፦ ኤስኤፍሲ የተበላሸውን ፋይል የሚተካው ዊንዶውስ ውስጥ ካለ መጋዘን ነው፣ መጋዘኑን የሚጠግነው ደግሞ ዲዝም ነው። መጋዘኑ ሳይጠገን ኤስኤፍሲ ቢሄድ «አንዳንዱን መጠገን አልቻልኩም» ብሎ ይቆማል። ዲዝም ደግሞ ጥሩውን ቅጂ ከኢንተርኔት ያመጣል፤ ኢንተርኔቱ እንዲሠራ ቀኑ መስተካከል ነበረበት። 62.3 በመቶ ላይ ቆሞ ቢቆይ አይቋረጥ፣ ይቀጥላል።

ኤስኤፍሲ ሁለት ፋይል ጠገነ። ሌላው ክፍተት አንድ የሠርግ ቪዲዮ ላይ አርፏል፤ ሲታይ መሃሉ ላይ ለቅጽበት ይሰናከላል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ። ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ ተከፍቶ የአዲሱ ዲስክ ዓይነት ታየ። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲገለበጥ ዊንዶውሱ አንዳንዴ አሮጌው ያለ ይመስለዋል፤ ያኔ ኤስኤስዲውን እንደ ሃርድ ዲስክ ዲፍራግ ሊያደርገው፣ ማለትም ፋይሎቹን እያዘዋወረ ሊደረድር፣ ይሞክራል። «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ይላል፤ ደህና ነው።

ረቡዕ፣ ፍላሹ

ቫይረሱ ፋይሉን አልበላም፣ ደብቆታል። እውነተኛው ፎልደር «ሂድን» እና «ሲስተም» የሚሉ ምልክቶች ተደርጎበት ይሰወራል፣ በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ይቀመጣል። ሾርትከቱ ሲከፈት ፎልደሩን ያሳያል፣ በዚያው አንድ ስክሪፕት ኮምፒውተሩ ላይ ይተክላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይለከፋል። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ ፕሮግራም በራሱ አይነሳም፤ ለዚህ ነው የሰው ክሊክ የሚፈልገው።

ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ፍላሹን ማጽዳት ልፋት ብቻ ነው። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት የሚል ሂደት ተገኘና ተዘጋ፤ ስታርት አፕ ገጹ ላይ ያለው ስም የለሽ መነሻም ጠፋ። ቀጥሎ የዊንዶውስ አንቲቫይረስ የሆነው የዲፌንደር ኦፍላይን ስካን፤ ማሽኑን ራሱ አጥፍቶ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ ገደማ።

ከዚያ ፍላሹ ተሰካ፣ ምንም ሳይከፈት። ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሂድን» የሚለውን ማንሳት አይቻልም፣ ደብዝዟል፤ የ«ሲስተም» ምልክት ስላለበት ነው። በኮማንድ ፕሮምፕት አትሪብ የሚለው ትእዛዝ በሦስት ቅነሳ ተሰጠ፦ ኤችን፣ ኤስንና አርን ቀንስ፤ ከኋላው ስላሽ ኤስ እና ስላሽ ዲ፣ ንዑስ ፎልደሮችንም እንዲያካትት። የፍላሹ ፊደል በትክክል ይጻፍ። ፎልደሮቹ ተመለሱ። ዋናዎቹ ፋይሎች ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠራቅመው ነበር፤ ወደ ቦታቸው ወጡ፣ ሾርትከቶቹ በዓይነት ተደርድረው ባንዴ ተሰረዙ።

ልጆቹ ለማሳተም ፍላሽ ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳሉ። የሚታተመውን በቴሌግራም መላክ ይሻላል፤ ፍላሽ ግድ ከሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ የሚታተመው ብቻ ይጫን።

የድሮ ደብዳቤዎች

ይህ የሲስተም ችግር አይደለም። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት ዩኒኮድ (እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ያለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ ፎንት ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ። ቪጂ2 ሜይን የተባለው የድሮ ፎንት ሲጫን ሁሉም ተነበበ። ለዘለቄታው ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ይለወጥ፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሁሌም ዝብርቅርቅ ነው። ሳጥን ሳጥን የሚታይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ ፎንት ጎድሏል። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ ከሲስተሙ ጋር አይመጣም፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ «ተጨማሪ የኢትዮፒክ ፎንቶች» በሚል ስም ይገኛል።

ረቡዕ ማታ፣ አፕዴት

ሲያስቸግር የነበረው 0ኤክስ80072ኤፍ8ኤፍ የሚል ስህተት ቀኑ ሲስተካከል አብሮ ጠፋ፤ እሱ የሰርተፍኬትና የቀን ስህተት ነው። ግማሽ ወርዶ የቀረ አፕዴት ግን ነበር። የዊንዶውስ አፕዴትና የቢትስ (አፕዴቱን የሚያወርደው) አገልግሎቶች ቆመው፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን ስሙ ተቀይሮ፣ አገልግሎቶቹ ተመልሰው ተነሱ። አዲሱን ፎልደር ራሱ ፈጠረ፣ ማውረዱም ቀጠለ።

ቤቱ በሞባይል ፓኬጅ ስለሚጠቀም የስልኩ ሆትስፖት ሚተርድ (በመጠን የሚከፈልበት) ተደረገ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ውስጥም ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር መቀባበሉ ተዘጋ። አለበለዚያ የወር ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ይህ ማሽን ወደ 11 አያልፍም፤ 11 ኢንቴል ላይ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ማለፊያ ዘዴዎች አሉ፣ ለቤት ማሽን አንመክርም። ለግለሰብ የሚሰጠው የተራዘመ የደህንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ይደርሳል፤ 22ኤች2 የሚለው ቅጂ መሆንና በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ለትምህርትና ለጽሑፍ ሥራ ሊኑክስ ሚንት ይበቃዋል።

ሐሙስ ጠዋት፣ ርክክብ

ከማብሪያ ቁልፉ እስከ ብሮውዘሩ 35 ሰከንድ። አማካይ የምላሽ ጊዜ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች። አሮጌው ዲስክ ቀን ተጽፎበት በከረጢት ተሰጠ፤ ፋይላቸው ሁሉ መኖሩን ሳያረጋግጡ እንዳይጣል።

ያልተፈታ አንድ አለ። ፓወር ሲኤፍጂ በተባለው ትእዛዝ የወጣው የባትሪ ሪፖርት የፋብሪካ አቅሙ 41,440፣ አሁን የሚይዘው 6,200 ሚሊዋት ሰዓት ይላል። ኤስኤስዲ ሳህንና ክንድ የለውም እንጂ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ፋይል ማውጫውን ሊያበላሽ ይችላል። ባትሪ ታዟል፤ የሞዴሉ ቁጥር ከአሮጌው ጀርባ ተወስዷል፣ ቮልቱም 14.8 መሆኑ ተረጋግጧል። እስኪመጣ ድረስ ላፕቶፑ በዩፒኤስ ብቻ ይሠራል።